ሙሾ በኢርፎን

በአባቴ ሞት ሁለት ጊዜ «እግዜር ያጽናሽ» ተብያለሁ። የመጀመሪያው ደረስጌ፣ እናትና አባቴ ቤት፣ በወጉ ነው። ሁለተኛው ግን ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ አባቴ ከተቀበረ ወራት ካለፉ በኋላ ነበር። ለዚህኛው ተጠያቂዋ ኢርፎኔ ናት።

ያኔ ዳባት አስተምር ነበር። ኢርፎኗን የገዛኋት መናኸሪያው በር ላይ እያዞረ ከሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አመል ነበራት። ገመዷን ወደ ግራ ጠምዝዤ በአውራ ጣቴ ካልያዝኳት ቀኙ አይሰማም፤ ጫፏ ከስልኩ ትንሽ ሸርተት ካለች ደግሞ ድምፁ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ዜናና ዘፈን ለሚሰማ ሰው ይህ ብዙም ችግር አይደለም። እኔ የማዳምጠው ግን ዜናም ዘፈንም አልነበረም። የአባቴን ለቅሶ ነበር የማዳምጠው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። አባቴ ሲሞት እኔ ዛሪማ ነበርኩ፤ ወደ ዳባት ከመዛወሬ በፊት የማስተምረው እዚያ ነው። የዛሪማ ኔትወርክ ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል፤ በዚያ ሰሞን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። መርዶው የደረሰኝ በጭነት መኪና ሾፌር በኩል ነው። ሊማሊሞን ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ ዝናብ ያወረደው ናዳ መንገዱን ዘግቶት እዚያው አደርን። ደባርቅ ስደርስ ወደ ደረስጌ የሚወጣው መኪና ሄዷል። ቤት የገባሁት በሠልስቱ ነው። አባቴ ያኔ በማርያም ቅጥር አፈር ከለበሰ ቆይቷል።

እርሜን እንዳወጣ ሰው ሁሉ ተሯሯጠልኝ። ሴቶቹ ከተቀመጡበት ተነሥተው እንደ አዲስ አለቀሱ። የአባቴ ታናሽ እህት፣ በአካባቢው ለቅሶ ሁሉ እየተጠሩ ሙሾ የሚያወርዱት አክስቴ ግን ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። አፋቸውን ይከፍታሉ፤ የሚወጣው ትንፋሽ ነው። እጃቸው ብቻ ደረታቸውን ይመታል። እኔም እንባዬ ደረቀ። አልቃሽ የሌለበት ለቅሶ ከየት እንደሚጀመር አላወቅሁበትም።

በኋላ ከጎኔ የተቀመጠች ጎረቤታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «የቀብር ዕለት አንችን ጠርተው ያወረዱት እኮ አገሩን ነው ያስለቀሰ» አለችኝ።

«ምን ብለው?»

«ኧረ እኔ ግጥም መያዝ አልችልም» ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ከእሷ ቀጥላ ያለችውን ሴት አየኋት፤ አቀርቅራ መሬት መጫር ጀመረች። ያ ማቀርቀር ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤን ሲበላኝ ኖረ።

የእኛ አገር ሙሾ ሟችን ብቻ እያሞገሰ የሚያልፍ አይደለም። በቀብር ላይ የታጣውን ልጅ፣ የተኳረፈውን ወንድም፣ ሳይጠይቅ የቀረውን ዘመድ በሕዝብ ፊት ይጠራል። አንዳንዱን በሐዘኔታ ይጠራዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ይወጋዋል፤ ሰውየው አርጅቶም ያቺ ግጥም ከኋላው ትከተለዋለች። አክስቴ እኔን እንዴት ነው የጠሩኝ? መንገድ ዘግቷት የቀረች ምስኪን ብለው ነው ወይስ ደመወዝ ይዟት የቀረች? ደብሩ በሙሉ የሰማውን እኔ ብቻ አልሰማሁም።

ድምፃቸው ሲመለስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። በምን ቃል እንደምጠይቅ ግራ ገብቶኝ ብዙ ዙሪያ ከዞርኩ በኋላ ነው።

«ልጄ» አሉኝ አክስቴ፣ «ሙሾ እኮ ተሞተ ሰው ፊት ነው የሚወርድ። አሁን ደህና ቤት ውስጥ ቁጭ ብየ ባወርደው ማንን ልጠራበት ነው?»

«ሳያዜሙት፣ ግጥሙን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ያለ ዜማማ ነገር መናገር ነው። እኔ ደሞ ነገር አልናገርሽም።»

ይህን ብለው እህል ማበጠራቸውን ቀጠሉ። ነገር የሚሆን ግጥም ነበር ማለት ነው? ወይስ ዜማ የሌለው ሙሾ ሁሉ እንዲያ ነው? የበለጠ ግራ ተጋብቼ ወጣሁ።

የቀረኝ የወንድሜ ሚሞሪ ነው። ታላቄ ነው፤ ከአባታችን ጋር ሲያርስ የኖረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ቀብር ላይ ቆሞ ለቅሶውን ሁሉ በሞባይሉ ቀድቶታል። በሠልስቱ እንደገባሁ «ወንድምዓለም፣ ትንሽ ብትቆዩኝ ምን ነበረበት?» ብዬው ነበር። «ቀብር እኮ ነው እታለም» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ «ሁሉንም ቀድቸልሻለሁ» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠው።

ተናደድኩ። አገር ሲያለቅስ እሱ እንደ ሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ስልክ ደግኖ ቆሞ ነበር ማለት ነው። እኔ ስደርስ ዓይኑ ደረቅ ነው፤ ድንኳን ሲያስነሣ፣ ሰው ሲሸኝ፣ ለካህናቱ ቦታ ሲያስለቅቅ ነው የማየው። ከዚያ ወዲህ ስንደዋወል የምናወራው ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብቱና ስለ እናታችን ጉልበት ብቻ ሆነ። ስልኩን የምዘጋውም ብዙ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

ሚሞሪው ላይ ያለው ለቅሶ መጀመሪያው ጥሩ ነው። የአክስቴ ድምፅ ከሩቅ ይምጣ እንጂ ቃሉ ይያዛል፤

በሬዎቹ ቆሙ ቀንበር እንዳዘሉ፣
አራሹ የት ሄደ ማን ይፍታን እያሉ።

ሴቶቹ ይቀበላሉ። ቀጥሎ እናቴን ይጠራሉ፤ ይሰማል። ወንድሜን ይጠራሉ፤ ይሰማል። ከዚያ «ልጅቱ» ይላሉ። ወዲያው አንድ ፍርርታ ይመጣና ሁሉንም ይሸፍነዋል። ነፋስ ነው እላለሁ፤ ደግሞ የወንድሜ ጋቢ ስልኩን እየፈተገው ይሆናል እላለሁ። ከፍርርታው ሥር አክስቴ ሲያወርዱ፣ ሴቶቹ ሲቀበሉ፣ ዋይታው ከሌላው ጊዜ ሁሉ ሲበረታ ይታወቀኛል፤ ቃሉ ግን የለም። ፍርርታው ሲያቆም የእኔ ነገር አልቆ ስለ ጎረቤት እየተወረደ ነው። ይህንን ቦታ ስንት ጊዜ እየመለስኩ እንደሰማሁት እኔም አላውቀውም።

አንድ ቅዳሜ ወደ ደባርቅ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፈትኩት። አጠገቤ ዶሮ ያቀፈች ሴት ተቀምጣለች። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቷል። ዘፈኑ እንዳይረብሸኝ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት። ትንሽ እንደሄድን ለመጀመሪያ ጊዜ የአክስቴ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። ኢርፎኗ ዛሬ ምን ነካት ብዬ፣ ገመዱን እንዳላነቃንቅ ትንፋሼን ሁሉ ዋጥኩ።

ሹፌሩ ዘፈኑን አጠፋው። አጠገቤ ያለችው ሴት ዶሮዋን ከእግሯ ሥር አደረገችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። ከፊት ያሉት አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያኔ ነው ጭኔ ላይ ወዳለው ስልክ ያየሁት። የኢርፎኗ ጫፍ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሙሾው ጥርት ብሎ የተሰማኝ በሚኒባሱ ሙሉ ስለሚያስተጋባ ነው።

«ማን ነው የሞተብሽ እቴዋ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«አባቴ» አልኩ። ምን ልበል? እውነት ነው። ከወራት በፊት ነው የሚለውን ለመጨመር አፌን ስከፍት ሚኒባሱ በአንድ ድምፅ «እእእ» ብሎ ተነፈሰ። ስልክ ላይ መርዶ የተረዳሁ መስሏቸዋል። ሽማግሌው «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉ፤ ሌላውም ተከተለ። ሴትዮዋ እጄን ያዘችና ማልቀስ ጀመረች፤ የራሷን ሰው አስባ መሆን አለበት። ስልኩን ማጥፋት ሲገባኝ አላጠፋሁትም። ለካ ደረስጌ ላይ እንቢ ያለኝ እንባ እዚያ ይጠብቀኝ ኖሯል፤ ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል፣ እግሬ ሥር ዶሮ እየጮኸች፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እያለቀስኩም አፍሬ ነበር። «ልጅቱ» የሚለው ጋ ሲደርስ ግን ያው ፍርርታ መጣና ሸፈነው። ረዳቱ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። ደባርቅ ስንወርድ ሴትዮዋ ብቻዬን አልለቅ ብላኝ የማልሄድበት ሰፈር ድረስ ሸኘችኝ።

በዚያው ቀን ሞባይል ቤት ገባሁ።

ባለ ሱቁ ዳባት አስተምራት የነበረች ተማሪ አጎት ነው፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ እኔን ቲቸር እያለ የሚጠራ። የምፈልገው የማይላቀቅ ኢርፎን ነው አልኩት። ከመደርደሪያው ሥር፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የተቀመጠ ትንሽ ሣጥን አወጣ። ዋጋውን ስሰማ ደህና ሙክት ዓይኔ ላይ መጣ።

«ይኼ ኦርጅናል ነው ቲቸር። ጫፉ ላይ ጎማ አለው፤ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ድፍን ያደርጋል። ያንቺዋ ድምፁን ሁሉ አንድ ላይ ታቦካዋለች። ይኼ ይለያያል። ከበሮውን ለብቻ፣ ዘፋኙን ለብቻ።»

«ነፋስን ለብቻ፣ ሰውን ለብቻ?»

«እሱንም» አለ፤ ትንሽ ቸኮለ መሰለኝ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ዳባት አብራኝ የተከራየችው የፊዚክስ መምህርት ሳቀችብኝ። «ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩ ያለ ኢርፎን ሲጮህም እዚያ ቦታ ላይ አልሰማሽም ብለሻል። የተቀዳው ውስጥ ከሌለ ኢርፎኑ ከየት ያመጣዋል?» አለችኝ። ልክ ናት አልኩ። ማታውን ደግሞ ራሴው መለስኩላት፤ ከፍርርታው ሥር የአክስቴ ድምፅ አለ፤ የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው የጠፋው። እሷም «ልክ ልትሆኚ ትችያለሽ» አለችኝ። ሁለታችንም ልክ ከሆንን እኔ ምን ላድርግ?

እንዲህ ስል ሳምንታት አለፉ። ደመወዝ ስቀበል እወስናለሁ እላለሁ፤ ደመወዝ ስቀበል ለእናቴ ጫማ መግዛት ይሻላል እላለሁ። አንዳንድ ቀን ዋጋው አይደለም የያዘኝ፤ ግጥሙ ወቀሳ ቢሆንስ? በሙክት ዋጋ ስድብ ገዝቼ ጆሮዬ ውስጥ ልደፍነው ነው? ሐዘኔታ ቢሆንስ ምን አገኛለሁ? አባቴ አይነሣ። ደግሞ ሳልሰማው ስቀር ወቀሳው በየቀኑ አዲስ ግጥም እየሆነ ይመጣብኛል፤ ራሴ ነኝ የማወርደው፣ ራሴ ነኝ የምቀበለው። እንዲህ ያለ ነገር ለባለ ሱቅ አይነገርም። እሱ ደባርቅ ሄጄ በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር ሣጥኑን ከፍ አድርጎ ያሳየኛል።

በመጨረሻ «ሞክሬው ልግዛ» አልኩት።

«ጆሮ የገባ ዕቃ አይመለስም ቲቸር። ሰም አለ፣ ምን አለ።» ከዚያ ፊቴን አይቶ የራሱን አወጣልኝ፤ አንድ ዓይነት ነው፤ ጎማውን በሶፍት ጠራረገው። «በምን ትሞክሪዋለሽ? ዘፈን ልክፈትልሽ?»

«የራሴ አለኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ለቅሶ።»

እጁን ሰበሰበ። «ሱቄ ውስጥማ አይሆንም። አትቀየሚኝ፤ ገና ቀኑ አልተጀመረም።» አልተቀየምኩትም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እምቢ እል ነበር። በርጩማ አውጥቶ ከበሩ ውጭ፣ ከአስፋልቱ ዳር አስቀመጠልኝ።

ጎማው ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ ደባርቅ ጠፋች። ወደ ሽሬ የሚሄድ የጭነት መኪና አጠገቤ ሲያልፍ በርጩማው ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል፤ ድምፁ ግን የለም። ሙሾውን ከፈትኩት። በሬዎቹ መጡ። እናቴ ተጠራች። ወንድሜ ተጠራ። ከሴቶቹ መካከል የማን የማን ድምፅ እንደሆነ ሁሉ መለየት ቻልኩ፤ ባለ ሱቁ አልዋሸም። ከዚያ አክስቴ «ልጅቱ» አሉ። ጥርሴን ነከስኩ።

ፍርርታው መጣ።

ነፋስ አልነበረም። ጋቢም አልነበረም። ነፋስ ምራቁን አይውጥም። በአፍንጫው የሚተነፍስ፣ አፉን ግጥም አድርጎ የዘጋ ወንድ ነው፤ ትንፋሹ ያመልጠዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፣ ደግሞ ያመልጠዋል። ከስልኩ አጠገብ ነው፤ ከስልኩም አጠገብ ሳይሆን ስልኩን የያዘው እሱ ነው። አክስቴ የእናቴን ሲያወርዱ ዝም ብሎ ነበር። የራሱን ሲያወርዱለትም ዝም ብሎ ነበር። እኔን ሲጠሩ ነው ያቃተው። እሪ ላለማለት ሲታገል እጁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ ቆይቷል፤ እኔ እንድሰማው። የአክስቴን ቃል ከሥር ለማግኘት ሞከርኩ። አላገኘሁም። የሸፈነው እሱ ነው። ከላዩ ላይ ተነሥቶ እንዲጠፋልኝ ስንት ወር ስመኝና ዋጋ ስጠይቅለት የኖርኩት ድምፅ የወንድሜ ለቅሶ ነው።

አንዴ ብቻ ሰማሁት። ደግሜ አልመለስኩትም።

ባለ ሱቁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እህስ ቲቸር፣ ተሰማሽ?» ሲል ከከንፈሩ አየሁ። ኢርፎኑን ከጆሮዬ ስነቅል የመንገዱ ጩኸት አንድ ላይ ገባ።

«እኔ እንጃ» አልኩት።

«እንዴት እኔ እንጃ? ይሰማል አይሰማም?»

የፈለግሁትን አልሰማሁም፤ ዕቃው ግን አላጭበረበረኝም። ወቀሳ ይሁን ሐዘኔታ ዛሬም አላውቅም። ቆይ ብዬው ስልኬን አነሣሁና ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ብዙ ጠርቶ ነው ያነሣው፤ እርሻ ላይ ነበር፤ በሬዎቹን ሲያቆም ይሰማኛል።

«አቤት እታለም። ደህና ነሽ? ምን ተገኘ?»

«ምንም አልተገኘም። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።»

ስለ ዝናቡ የሚነግረኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ባለ ሱቁ ሣጥኑን በአንድ እጁ፣ ፌስታሉን በሌላ እጁ ይዞ በዓይኑ ልጠቅልልልሽ ይለኛል። ራሴን ነቀነቅሁለት፤ እሺ ማለቴ ይሁን አይ ማለቴ እኔም አልለየሁትም።

«እታለም» አለኝ ወንድሜ።

«አቤት።»

«ለምነናቸው ነበረ። ካህናቱንም፣ ሽማግሌዎቹንም። እንቆያት ብየ ለምኘ ነበረ።»

«እሺ» አልኩት። እሱም ስልኩን አልዘጋም፣ እኔም አልዘጋሁም።